ሳሎን ነው ወይስ ችግኝ ጣቢያ?

የዚህ ወር የጥያቄና መልስ ገጻችንን ለቤት ውስጥ ተክልና አበባ ሰጥተነዋል። ዕቃ ያልበዛበት፣ ዓይን የሚያሳርፍ ቤት እንዲኖራቸው የሚፈልጉ አንባቢያን የላኩልንን ጥያቄዎች አሳጥረን ከነመልሳቸው አቅርበናል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ነው። ተክል ስለምወድ ቀስ በቀስ 14 ደርሰውልኛል፤ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ጎን፣ ፍሪጁ ላይ ሳይቀር። ሁሉም ትንንሽ ናቸው፣ ግማሾቹም ደህና አይመስሉም። እንግዳ ሲመጣ «ችግኝ መሸጥ ጀመርሽ እንዴ?» ይለኛል። ቤቱ ረጋ እንዲል እፈልጋለሁ፤ ተክሎቼን መጣል ግን አልሆንልሽ አለኝ። የሳሎኑ መስኮት ወደ ሰሜን ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከብዛቱ በፊት ብርሃኑን ይመልከቱ። ቤትን የሚረብሸው በአብዛኛው የታመመ ተክል ነው። ቅጠሉ ቢጫ የሆነ አንድ ተክል ጤነኛ ከሆኑት አሥሩ ይልቅ ዓይን ይስባል። ተክል ደግሞ ቤት ውስጥ ከሚታመምባቸው ምክንያቶች ሁለቱ ዋነኞቹ የብርሃን ማነስና የውሃ መብዛት ናቸው።

ብርሃን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ነጭ ወረቀት ተክሉን ሊያስቀምጡ ባሰቡበት ቦታ ያኑሩና እጅዎን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ይዘርጉበት። ጣቶችዎ አንድ በአንድ ተለይተው ጥላ ከጣሉ ብርሃኑ ጠንካራ ነው። የእጅዎ ቅርጽ ታይቶ ዳሩ ከደበዘዘ መካከለኛ ነው፤ አብዛኞቹ የቤት ተክሎች የሚወዱት ይህን ነው። ጥላ ከነጭራሹ ካልታየ እዚያ ቦታ ላይ ተክል አይኖርም፣ ቀስ ብሎ ይሞታል እንጂ። የፍሪጁን ላይ ሲለኩ ይህን የሚያዩ ይመስለናል።

ስለ ሰሜን መስኮት በውጭ አገር መጻሕፍትና ቪዲዮዎች የሚነገረውን እንዳለ አይውሰዱት። «የሰሜን መስኮት ጨለማ ነው» የሚባለው ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት አንሥቶ እስከ ነሐሴ 20ዎቹ ድረስ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። ስለዚህ የእርስዎ መስኮት በሚያዝያና በግንቦት ቀጥታ ፀሐይ ያገኛል፤ ሰኔና ሐምሌ ደመናው ይጋርዳል፤ በቀረው ጊዜ ለስለስ ያለ ብርሃን ይገባዋል። በአንጻሩ የደቡብ መስኮት በታኅሣሥ ፀሐይዋ ዘንበል ስለምትል ወደ ክፍሉ ውስጥ ዘልቆ የሚገባ ብርሃን ያገኛል፤ የምዕራቡ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ቅጠል የሚጠብስ ነው። የሰሜኑ ለቡና፣ ለሞንስቴራ፣ ለጎማ ዛፍና ለፖቶስ ጥሩ ቤት ነው። ሚያዝያ ሲገባ ብቻ ተክሉን ከመስታወቱ ግማሽ ሜትር ሸሸት ያድርጉት ወይም ስስ መጋረጃ ይጋርዱለት።

አሁን ወደ 14ቱ እንምጣ። ሁሉንም አንድ ቦታ ሰብስበው በሦስት ይክፈሏቸው፦ ጤነኛ፣ የሚያገግም፣ ያበቃለት። ያበቃለትን ያሰናብቱ። የሚያገግሙት በረንዳ ላይ ጥላ ያለበት ቦታ ይሂዱ፤ ሳሎን ሆስፒታል አይደለም። ከጤነኞቹ አንድ ዓይነት የሆኑትን፣ ለምሳሌ ስፓይደር የሚባለው ተክል ሦስት ትንንሽ ካለዎት፣ አፉ 25 ሴንቲ ሜትር በሆነ አንድ መትከያ ውስጥ አብረው ይትከሏቸው። ሦስት የነበሩት ለዓይን አንድ ይሆናሉ። የተረፈውን ለጎረቤት ይስጡ።

ከዚያ አንድ ትልቅ ተክል ይግዙ። ትልቅ ስንል ከወለል እስከ ጫፉ 1 ሜትር ወይም 1 ሜትር ከ20 የሆነ፣ ሶፋ አጠገብ ወለል ላይ የሚቀመጥ ማለታችን ነው። እኛን ካማከሩ ቡና ይሁን እንላለን። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴና አንጸባራቂ ነው፤ በተፈጥሮው በከፋና በኢሉባቦር ጫካዎች ከትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር የሚያድግ ስለሆነ ሳሎን አይጨንቀውም፤ ውሃ ሲጠማው ደግሞ ቅጠሉን አንጠልጥሎ ይነግርዎታል፣ ሲያጠጡት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቀና ይላል። የላይኛው 2 ሴንቲ ሜትር አፈር ሲደርቅ ያጠጡት። ቅጠሉ ላይ ገለባ የመሰለ ደረቅ ጠባሳ ከወጣ ቀጥታ ፀሐይ መቶታል ማለት ነው። ችግኙን ከችግኝ ጣቢያ ይግዙ እንጂ ከገበያ ጥሬ ቡና ወስደው ለማብቀል አይድከሙ፤ የቡና ዘር ከደረቀና ጥቂት ወራት ከቆየ የመብቀል ኃይሉን ያጣል።

ከትልቁ ተክል ጀርባ ያለው ግድግዳ ባዶ ይሁን፤ ሥዕልም ሰዓትም አይሰቀልበት። በግራና በቀኙ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይክፈቱለት። ቁጭ ብለው ሲያዩ ከሦስት በላይ ተክል በአንድ ጊዜ እንዳይታይዎት ያድርጉ። መትከያዎቹም አንድ ዓይነት ይሁኑ፣ ሁሉም ሸክላ ወይም ሁሉም ነጭ። በጋ ላይ የአዲስ አበባ አቧራ ቅጠል ላይ ይተኛልና በየሁለት ሳምንቱ እርጥብ ጨርቅ ይዘው ይጥረጉ። እንዲያበራ ብለው ዘይትም ቅባትም አይቀቡት፤ አቧራውን ይበልጥ ይይዛል፣ የቅጠሉንም መተንፈሻ ይደፍናል።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ 20 ፍሬ ጽጌረዳ እገዛለሁ። ሰኞ ሲሆን አንገቱ ይሰበራል፣ ሳይፈነዳ ይደርቃል። ሻጩ ያታልለኝ ይሆን?

መልስ፦ ሻጩን ለመክሰስ አይቸኩሉ። አንገት መድፋት የሚመጣው ውሃ እስከ አበባው አልወጣ ሲል ነው፤ ምክንያቱም ወይ አገዳው ውስጥ አየር ገብቷል፣ ወይ በውሃው ውስጥ የተራባ ባክቴሪያ የአገዳውን ቧንቧ ደፍኖታል። አበባው ከእርሻ ወጥቶ፣ መኪና ላይ ውሎ፣ መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ ሲቆም የተቆረጠው ጫፍ ይደርቃል። እርስዎ ቤት አድርሰው በቀጥታ ውሃ ውስጥ ሲያስገቡት በደረቀ አፍ መጠጣት አቃተው።

ሲገዙ ከአበባው ሥር ያለውን እብጠት በሁለት ጣት ለስለስ አድርገው ይጫኑት። ጠንካራ ከሆነ ትኩስ ነው፣ ልል ከሆነ ይተዉት። የውጪዎቹ ሁለት ሦስት ቅጠሎች ቢጠወልጉ ወይም ቡናማ ቢሆኑ አያስደንግጥዎ፤ ሌሎቹን ሲጠብቁ የቆዩ ናቸው፣ ነቅለው ይጣሉ።

ቤት እንደደረሱ ማስቀመጫውን በሳሙናና በትንሽ በረኪና በደንብ ይጠቡት፤ ውስጡን ሲነኩት የሚያሟልጭ ከሆነ ገና አልጸዳም። ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ሁሉ ያራግፉ። ከዚያ እያንዳንዱን አገዳ ከጫፉ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር፣ አግድም ሳይሆን ሰያፍ፣ በተሳለ ቢላዋ ይቁረጡ። መቀስ አገዳውን ጨፍልቆ ቧንቧውን ይዘጋዋል። ከተቻለ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ውሃ ሞልተው አገዳውን ከውሃው ሥር እንዳለ ይቁረጡት፤ እንዲህ ሲሆን በአየር ፋንታ ውሃ ይገባል።

የአበባ ምግብ ካላገኙ ለ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በረኪና። ስኳሩ ምግብ ነው፤ ሎሚው ውሃው በቀላሉ እንዲወጣ ይረዳል፤ በረኪናው ባክቴሪያውን ይገድላል። ስኳር ብቻውን ከጨመሩ ግን ባክቴሪያውን መቀለብ ነው የሚሆነው። ጥንቃቄ፦ በረኪናና ሎሚ ሳይቀጠኑ አይገናኙ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። መጀመሪያ ሎሚውንና ስኳሩን በሊትሩ ውሃ ያሟሙ፣ በረኪናው መጨረሻ ይግባ። በየሁለት ቀኑ ውሃውን ይለውጡ፣ ጫፉንም በየጊዜው 1 ሴንቲ ሜትር ይቁረጡ።

አንገቱን የደፋውን ገና ሳይደርቅ ካገኙት ጫፉን ቆርጠው አበባውንና አገዳውን ጭምር ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ያጋድሙት። ብዙ ጊዜ ቀና ይላል። ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው፣ አበባውን ሙዝ፣ ማንጎና አቮካዶ ካለበት ሳህን ማራቅ ነው። የሚበስል ፍሬ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ አበባን ያለ ዕድሜው ያስረጃል። የምግብ ጠረጴዛ መሀል ላይ ፍራፍሬና አበባ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ለፎቶ ያምራል እንጂ ለአበባው አይበጅም።

ቤትዎ ረጋ እንዲል ከፈለጉ ደግሞ 20ውን በአንድ ማስቀመጫ አይጨቁኑ። አምስቱን ቁመታቸው 12 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲሆን አሳጥረው ዝቅ ያለ ብርጭቆ ውስጥ ሳሎን ያድርጉ፤ አንዱን መኝታ ቤት፤ አንዱን መታጠቢያ ቤት፤ የቀረውን ለእናትዎ ይውሰዱላቸው። አጭር አገዳ ውሃውን ቶሎ ስለሚስብ ዕድሜው ራሱ ይረዝማል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነኝ። ሳንሲቬሪያ «አይሞትም» ተብዬ ገዝቼ ነበር። ታችኛው ቀዳዳ በሌለው ውብ የሴራሚክ መትከያ ውስጥ ጠጠር ከሥሩ አድርጌ ተከልኩት። በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ ኩባያ ውሃ እሰጠዋለሁ። አሁን ከሥሩ ለስልሶ ይሸታል፣ አንዱ ቅጠል ወድቋል።

መልስ፦ ይህ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ተክል በጥማት አይሞትም፤ በደግነት ነው የሚሞተው። ሥሩ በስብሷል።

ጠጠሩ ውሃውን ያንቆረቁርልኛል ብለው ይሆናል። አይደለም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ አፈሩ እስኪሞላ ድረስ እላዩ ላይ ይንጠለጠላል። ጠጠሩ ያደረገው ነገር ቢኖር እርጥቡን አፈር ወደ ሥሩ ማስጠጋት ነው። ቀዳዳ የሌለው መትከያ ላይ ጠጠርም አሸዋም መድኃኒት አይሆንም። ውቡን ሴራሚክ መጣል ግን የለብዎትም። ተክሉን ቀዳዳ ባለው ተራ ፕላስቲክ ውስጥ ተክለው ፕላስቲኩን ሴራሚኩ ውስጥ ያስቀምጡ። ሲያጠጡ አውጥተው ያጠጡ፣ 15 ደቂቃ ያንጠባጥብ፣ ከዚያ ይመልሱት።

የተረፈውን ለማዳን ተክሉን ነቅለው አፈሩን ያራግፉ። ለስላሳና ቡናማ የሆነውን ሁሉ በአልኮል በተጠረገ ቢላዋ ጠንካራና ነጭ ሥጋ እስኪያገኙ ድረስ ይቁረጡ። ከ3 እስከ 5 ቀን ጥላ ውስጥ ያለ አፈር ያድርቁት፤ ቁስሉ ሳይደርቅ መትከል መልሶ ማበስበስ ነው። የወደቀው ቅጠል ደህና ክፍል ካለው 8 ሴንቲ ሜትር ያህል እየቆረጡ ታችና ላዩን ሳያምታቱ ይትከሉት፤ ተገልብጦ ከተተከለ ሥር አያወጣም። ጠርዙ ቢጫ የሆነው ዓይነት በዚህ መንገድ ሲራባ ቢጫውን ጥሎ አረንጓዴ ብቻ ሆኖ ይወጣል። ቢጫውን የሚፈልጉ ከሆነ ከሥሩ ከጎን የሚበቅለውን ልጅ ለይተው ይትከሉ።

አፈሩ 2 እጅ ቀይ አፈር፣ 1 እጅ በደንብ የበሰለ ብስባሽ፣ 2 እጅ ለብሎኬት የሚውለው ፑሚስ፣ ሽምብራ በሚያክል መጠን ተነፍቶ። ጥቁሩን መረሬ አፈር በፍጹም አያስገቡ፤ ሲረጥብ ጭቃ፣ ሲደርቅ ሸክላ ነው። ከተከሉ በኋላ ለአንድ ሳምንት ውሃ አይስጡት። ከዚያ ወዲያ የቀን መቁጠሪያ አይከተሉ፤ የጥብስ እንጨት እስከ መትከያው ሥር ወግተው 10 ደቂቃ ይቆዩና ያውጡት። እርጥበት ወይም አፈር ይዞ ከወጣ አይጠጣም። ደርቆ ከወጣ ውሃው ከሥር እስኪፈስ ድረስ አንዴ በደንብ ያጠጡት። በበጋ በየሦስት ሳምንቱ፣ በክረምት ከዚያም ዘግይቶ ይሆንልዎታል።

ጥያቄ፦ እናቴ «መኝታ ቤት ከተክል ጋር አይታደርም፣ ሌሊት አየር ይሻማል» ትላለች። ባለቤቴ ደግሞ ተክል አየር ያጸዳል ብሎ አምስት ሊጨምር ነው። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት ይዘው አጋንነዋል። ተክል ሌሊት ኦክስጅን ይጠቀማል፤ ግን ጥቂት የቤት ተክሎች የሚጠቀሙት አጠገብዎ የተኛው ሰው ከሚተነፍሰው ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም። እናትዎ ባለቤትዎን ከክፍሉ ካላስወጡ ተክሉንም አያስወጡት።

አየር ያጸዳል የሚለው በ1989 እ.ኤ.አ. ከወጣ የናሳ ጥናት የተነሣ ነው። ያ ሙከራ የተደረገው ግን አየር በማይገባበትና በማይወጣበት ትንሽ ሳጥን ውስጥ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ሰፊ ግምገማ እንዳሳየው፣ በተለመደው የቤት አየር ዝውውር የሚወጣውን ያህል ለማጽዳት በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1000 ተክል ያስፈልጋል። መስኮት መክፈት ይበልጣል። መኝታ ቤት ውስጥ አንድ ተክል የሚያስቀምጡት ጠዋት ዓይንዎን ሲገልጡ እንዲያዩት ነው፤ ያም በቂ ምክንያት ነው። ሽታው የከበደ አበባ ግን፣ እንደ ነጭ ሊሊ ያለው፣ ሌሊት ራስ ምታት ሊሰጥ ይችላልና ሳሎን ይደር።

ጥያቄ፦ ከአያቴ የቀረ እንስራና አፉ የተሸረፈ ጀበና አለኝ፤ ጎንደር ነው ያለሁት። አበባ ማስቀመጫ ላደርጋቸው አስቤ ውሃ ሞላሁባቸው። በሁለተኛው ቀን ከእንስራው ሥር ጠረጴዛዬ ላይ ነጭ ክብ ታተመ። ሌላው ጥያቄዬ፣ ምን ባስገባባቸው ያምራሉ? ቤቴ ውስጥ ዕቃ ጥቂት ነው።

መልስ፦ እንደ መስታወት ያለ ቅብ ያልተቀባ ሸክላ ውሃ ያስተነፍሳል፤ እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘውም በዚሁ ነው። ስለዚህ ውሃው እንስራው ውስጥ መሆን የለበትም። በአፉ የሚያልፍ ረዘም ያለ ብርጭቆ ወይም አንገቱ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ውሃውን አድርገው እንስራው ውስጥ ያስቀምጡት፣ ከሥሩ ጨርቅ ወይም አሸዋ አድርገው አፉ ጋ እስኪደርስ ከፍ ያድርጉት። ለጀበናው አንገቱ ጠባብ ስለሆነ አንድ አገዳ ብቻ የሚይዝ ቀጭን የመድኃኒት ብልቃጥ ይበቃል። ጠረጴዛው ላይ የታተመው ነጭ ክብ ቫርኒሹ ውስጥ የገባ እርጥበት ነው፤ ደረቅ ጥጥ ጨርቅ ደርበው እንፋሎቱ በተዘጋ ካውያ በትንሽ ሙቀት ለጥቂት ሰከንዶች ቢዳስሱት ብዙ ጊዜ ይለቃል።

ለእንስራ አበባ አይፈልጉለት፤ ቅርንጫፍ ይበልጥበታል። በእጃችን ያለ ግን የማናየው ነገር ደግሞ ነጭ ባህር ዛፍ ነው። ከተቆረጠ ጉቶ ላይ የሚያቆጠቁጠውን ለጋ ልብ ብለው አይተውት ያውቃሉ? እንደ አሮጌው ዛፍ፣ ማጭድ የመሰለ ረጅም ቅጠል የለውም። ቅጠሉ ክብ ወደ መሆን ያደላ፣ ያለ ዘንግ አገዳው ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተጣበቀ፣ ብር የተነፋበት ሰማያዊ አመድማ ነው። በጣት ሲያሹት ዱቄቱ ይለቅና ከሥሩ አረንጓዴው ይወጣል። ውጭ አገር የአበባ ሱቆች የባህር ዛፍ ለጋ በዘለላ ይሸጣሉ፤ እኛ ለማገዶ እንሰበስበዋለን። ከባለይዞታው ጠይቀው 70 ወይም 80 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ቅርንጫፎች ጠዋት ይቁረጡ፣ የታችኛውን 20 ሴንቲ ሜትር ቅጠሉን ያራግፉ፣ ጫፉን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይሰንጥቁ። በውሃ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ውሃው አልቆ ቢደርቅም ቅርጹን አይለቅም።

ዝርግ ጣባ ካለዎት ጃፓኖች ኢኬባና በሚሉት የአበባ አደራደር ጥበባቸው የሚሠሩበትን ልኬት ይሞክሩ። የጣባውን ስፋትና ቁመት ይደምሩና በአንድ ተኩል ያባዙ፤ ይህ የረጅሙ ቅርንጫፍ ቁመት ነው። ሁለተኛው የእሱ ሦስት አራተኛ፣ ሦስተኛው የሁለተኛው ሦስት አራተኛ ይሆናል። ስፋቱ 20፣ ቁመቱ 8 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 42፣ 32 እና 24 ያህል ማለት ነው። ረጅሙ ከቀጥታው 15 ዲግሪ፣ ሁለተኛው 45፣ አጭሩ 75 ዲግሪ ያዘንብል፤ ሦስቱም ወደ ተለያየ አቅጣጫ ይሁኑ። መውጊያ ሾሎችን የያዘው የእነሱ ማቆሚያ ካልተገኘ የዶሮ ሽቦ እንደ ኳስ ጨምቀው ጣባው ውስጥ ከድንጋይ ጋር ይቆልፉት። በቅርንጫፎቹ መሀል ያለውን ክፍት ቦታ ለመሙላት እጅዎ ይበላዎታል። ይታገሡ፤ ውበቱ ያለው እዚያ ክፍቱ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ አዳማ ነው የምኖረው። የስፓይደሬና የድራሲናዬ ቅጠል ጫፍ ይደርቃል፣ ብቆርጠውም ተመልሶ ይደርቃል። ውሃ አላበዛሁም፣ አላሳነስኩም።

መልስ፦ ውሃው የጉድጓድ ከሆነ መጠኑን ትተው ዓይነቱን ይጠርጥሩ። በስምጥ ሸለቆ ያሉ ብዙ የጉድጓድ ውሃዎች ፍሎራይድ ይበዛባቸዋል፤ የሰው ጥርስ ላይ ቡናማ ምልክት የሚያወጣው ይኸው ነው። ስፓይደርና ድራሲና ፍሎራይድ በጣም ከማይወዱት ተክሎች ናቸው፤ ቅጠላቸው ጫፍ ላይ ይከማችና ያቃጥለዋል። ውሃውን አድሮ እንዲረጋ ማድረግ ክሎሪን ሊቀንስ ይችላል፣ ፍሎራይድ ግን አይነካም። ማፍላት ደግሞ ያባብሰዋል፤ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ይቀራልና።

ክረምት ላይ የዝናብ ውሃ በንጹሕ ጀሪካን ያጠራቅሙና ለእነዚህ ሁለቱ ብቻ ይቆጥቡት። መትከያውን ወስደው ከይዘቱ ሦስት እጥፍ በሚሆን የዝናብ ውሃ አንድ ጊዜ ያጥቡት። ሱፐር ፎስፌት የሚባለውን ማዳበሪያ ይተዉ፣ እሱም ፍሎራይድ አለበት። የደረቀውን ጫፍ ሲቆርጡ ቅጠሉ ቅርጽ እንዲኖረው ሰያፍ አድርገው፣ ቀጭን ቡናማ መስመር ትተውለት ይቁረጡት፤ አረንጓዴውን ከነኩት አዲስ ቁስል ይደርቃል። ይህ ሁሉ ካደከመዎት ተክሉን ይቀይሩ፤ ሞንስቴራና እሬት በዚህ ውሃ ብዙም አይቸገሩም።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አሜሪካ። ነጭ ግድግዳ፣ አንድ ረከቦት፣ አንድ ጤና አዳም፤ የምፈልገው ይህን ብቻ ነው። ጤና አዳሙ ግን ክረምት በገባ ቁጥር ቀጥኖ ይሞትብኛል። ከአገር ቤት ሌላ ባስመጣስ?

መልስ፦ ችግኝ ከነአፈሩ በሻንጣ ማስገባት አይፈቀድም፤ ማንኛውም ተክል ወይም ዘር ይዞ የሚገባ ሰውም ለጉምሩክ ማሳወቅ አለበት። እዚያው «ሩ» ተብሎ የሚሸጠውን ዘር ይግዙ፤ የእኛው የቅርብ ዘመድ ነው፣ ሽታውም ይቀራረባል፣ ብርዱንም ከእኛው ይበልጥ ይችላል።

የሚቀጥነው ብርሃን ስለሚያንሰው ነው። እርስዎ ያሉት 39 ዲግሪ ላይ ስለሆነ በታኅሣሥና በጥር የቀን ብርሃኑ አጭርና ዘንባላ ነው። ለእርስዎ የደቡብ መስኮት ግድ ነው፤ በዚያ ላይ ነጭ ኤል.ኢ.ዲ. መብራት ከተክሉ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው በቀን ለ12 ሰዓት ያብሩለት። ከማሞቂያው አጠገብ ያርቁት። አፈሩ አንድ ሦስተኛው ሻካራ አሸዋ ይሁን፣ 3 ሴንቲ ሜትር ሲደርቅ ብቻ ያጠጡ። ውርጭ ሲያበቃ፣ ግንቦት ገደማ፣ በረንዳ ላይ ያውጡት። በበጋችሁ ጥቁርና አረንጓዴ ሽንትር ያለበት አባጨጓሬ ቢበላው የጥቁሩ ትልቅ ቢራቢሮ ልጅ ነውና ለሁለቱም የሚበቃ ሁለተኛ ሥር ይትከሉ። ፀሐይ ላይ ሲቆርጡት ጓንት ያድርጉ፤ የጤና አዳም ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ቃጠሎ ውሃ ይቋጥራል።

ጥያቄ፦ ፕላስቲክ አበባስ? ውሃ አይጠይቅ፣ አይሞት።

መልስ፦ አይሞትም፤ ያረጃል እንጂ። አቧራ ይይዛል፣ ፀሐይ ያነጣዋል፣ አንድ ዓመት ሳይሞላው ዓይን መመልከቱን ይተወዋል። ብርሃን የማይደርስበት ጥግ ካለ ባዶ ይተዉት ወይም የደረቀ ባህር ዛፍ ያድርጉበት።

ጥያቄ፦ የ11 ወር ልጅና ድመት አለን። ከተክሎቹ የሚያስፈራ የቱ ነው?

መልስ፦ ዲፈንባኪያ፣ ፖቶስ፣ ሞንስቴራና ስፓቲፊለም ሲታኘኩ አፍና ጉሮሮ የሚወጋ እንደ መርፌ ያለ ክሪስታል አላቸው፤ በብዛት ባይገድሉም ያሳብጣሉ። እጅ በማይደርስበት ይሰቀሉ። የባሰው ኦሊያንደር ነው፤ ቅጠሉም አበባውም ልብ የሚመታ መርዝ ስላለው ከነቅርንጫፉ ቤት አይግባ። ለድመቷ ደግሞ እውነተኛው ሊሊ፣ የአበባው ዱቄት ሳይቀር፣ ኩላሊት ያጠፋል። ስፓይደር ለሁለቱም ደህና ነው። ልጁ የማያውቁትን ቅጠል ከዋጠ ቅጠሉን ይዘው ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ለእንቁጣጣሽ አደይና ቄጠማ ካልገባ በዓል አይመስለኝም። ግን ሴራሚኩ ላይ ቄጠማው ያንሸራትታል፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከሶፋ ሥር ስለቅም እሰነብታለሁ።

መልስ፦ ክፍሉን ሁሉ አይጎዝጉዙ። 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ሰሌን ረከቦቱ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ያንጥፉ፣ ቄጠማውን እሱ ላይ ብቻ፣ አገዳው ወደ አንድ ወገን ተኝቶ፣ ሁለት ጣት ውፍረት ያህል ይበትኑ። ማታ አራቱን የሰሌን ጫፍ ሰብስበው በረንዳ ላይ ያራግፉታል። ከዋዜማው ከገዙት ሥሩን ውሃ ነክረው በእርጥብ ሻሽ ጠቅልለው ያሳድሩት፤ ጠዋት ትኩስ ነው። አደዩን ከእንግጫ ጋር አስረው ሰፊ አፍ ባለው ብርጭቆ ውስጥ ያቁሙት፣ ሌላ አበባ አይጨምሩበት። አገዳው ቀጭን ስለሆነ ውሃ ሳያገኝ ግማሽ ሰዓት ከቆየ አይመለስም፤ ከገበያ ሲመጡ እርጥብ ጨርቅ ይያዙ። ቢጫው ቅጠል ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ መርገፍ ይጀምራል፤ ነጭ ጨርቅ ላይ ካስቀመጡት የአበባው ዱቄት ያቀልማልና ሥሩ ላይ ትንሽ ስፌት ያድርጉለት።